ማሟሻዋን ማን በላት? በስለላ አገር በስውር የሚታገሉ ሴቶችን ልብ ወለድ ለመጻፍ ዝርዝር መመሪያ

ስለላ በነገሠበት ምናባዊ አገር በስውር ስለሚታገሉ ሴቶች የተጻፉ ረቂቆች እንዳነባቸው ይሰጡኛል። አብዛኞቹ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይሞታሉ። ባለታሪኳ መስኮት አጠገብ ትቆማለች፤ ካሜራው ይዞራል፤ እሷም በልቧ ስለ ነፃነት ረጅም ንግግር ታደርጋለች። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው መሄጃ ያጣና ወይ ሽጉጥ ያስታጥቃታል፣ ወይ ከደኅንነት ሹሙ ጋር ያፋቅራታል።

መመሪያው ያንን ገጽ ለማለፍ ነው። የተዘጋጀው ከ15 እስከ 20 ገጽ ለሚሆን አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ረጅም ለመጻፍ ያሰበም በዚሁ ቢጀምር ይሻለዋል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ። በተለይ ሦስተኛውን ዘልላችሁ ወደ ምልልስ አትሩጡ፤ የሚዘልሉት ብዙዎች ናቸው፣ ሲመለሱም አይቻለሁ።

ከመጻፍ በፊት፦ የአንድ ሳምንት ዝግጅት

አንድ ደብተር ያዙና ለሦስት ክፈሉት።

በመጀመሪያው ክፍል፣ በቤታችሁ ያሉ ሴቶች በቀን ውስጥ የሚሠሩትንና ማንም ስለ እሱ የማይጠይቃቸውን ሥራ ከነሰዓቱ መዝግቡ። «ምግብ ሠራች» አትበሉ። ሽንኩርቱን ስንት ሰዓት ላይ ከተፈች? ልጣጩን የት ጣለች? በመሀል ማን መጣ?

በሁለተኛው ክፍል፣ ከቤት ውጭ ያለ አካል ስለ ቤታችሁ የሚቆጥረውን ሁሉ ጻፉ፦ የመብራት ቆጣሪ፣ የውኃ ቆጣሪ፣ የስልክ ጥሪ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቀበሌ መታወቂያ።

ሦስተኛው ባዶ ይሁን። ደረጃ 2 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

በዚሁ ሳምንት ቢያንስ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት አነጋግሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበረች እናት ወይም አክስት ካለቻችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ግን «በቀይ ሽብር ጊዜ ምን ተሰማሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የምታገኙት ዝምታ ወይም እንባ ነው፣ ሁለቱም የእናንተ አይደሉም። «ያልተመዘገበ እንግዳ ቤት ሲያድር ስኳሩን እንዴት ታብቃቁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በቀበሌ ሱቅ በቤተሰብ ቁጥር እየተሰፈረ የሚሰጥ ስኳር አንድ ሰው ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን የምታውቀው ሻይ ታፈላ የነበረችው ሴት ናት።

ማስጠንቀቂያ፦ የነገረቻችሁን ሰው ስም፣ የሰፈር ስም፣ የቤት ቁጥር ወደ ታሪኩ አታስገቡ። ዝርዝሩን ውሰዱ፣ ሰዎቹን ተዉአቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዓይኑን ሥሩ

አገሪቱን ከመሰየማችሁና መሪዋን ከማስፎከራችሁ በፊት መንግሥቱ የሚያይበትን መንገድ ወስኑ። «ሁሉን ያያል» ብላችሁ አትለፉት። ሁሉን የሚያይ መንግሥት ካለ ባለታሪኳ በመጀመሪያው ገጽ ትያዛለች፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። ሦስት ጥያቄዎችን በየተራ መልሱ።

ሀ. ምን ይቆጥራል? በኒኮላይ ቻውሼስኩ ዘመን ሩማንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ድንጋጌ የጽሕፈት መኪና ያለው ሰው ሁሉ ፖሊስ ዘንድ እንዲያስመዘግብና የፊደሎቹን ናሙና እንዲያስረክብ ያስገድድ ነበር። ያው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ፅንስ ማስወረድን ከልክሎ ስለነበር በ1980ዎቹ በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች እርግዝናቸው እንዲታወቅ በሥራ ቦታቸው በሐኪም ይመረመሩ ነበር። አንዱ ዓይን የብረት ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ማሕፀን። የእናንተው ምን ይቆጥራል?

ለ. ማን ይቆጥርለታል? ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1989 ለ16 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደ 91,000 የሚጠጉ ደመወዝተኛ የደኅንነት ሠራተኞችና ከ170,000 በላይ ጆሮ ጠቢዎች ነበሯት። ጎረቤት፣ ሐኪም፣ የሥራ ባልደረባ ማለት ነው። መሣሪያ ብቻውን አይሰልልም።

ሐ. የተቆጠረውን ማን ያነበዋል፣ መቼ? ይህቺ ጥያቄ ትረሳለች። መዝገቡን የምታነበው ሴት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይደክማታል፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለባት። የታሪካችሁ እስትንፋስ እዚህ ድካም ውስጥ ነው።

ለዚህ መመሪያ ስል የራሴን ያላለቀ ረቂቅ አብሬ እከፍትላችኋለሁ። በእኔ ከተማ ዱቄት በራሽን ነው። በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን ላይ የተገጠመ መሣሪያ እንጀራ በወጣ ቁጥር ይቆጥራል። ለአንድ ተመዝጋቢ በቀን ሁለት እንጀራ ተፈቅዷል። ቁጥሩ ካለፈ «ቤቱ ውስጥ ማን አለ?» ብለው ይመጣሉ።

ከተሳሳታችሁ፦ ለ«ሀ» የሰጣችሁት መልስ «ካሜራ» ብቻ ከሆነ የደብተራችሁን ሁለተኛ ክፍል ክፈቱና አንዱን ቆጣሪ ምረጡ። ካሜራ ፊትን ያያል፤ ቆጣሪ ኑሮን ያያል፤ ለታሪክ የሚያስፈልጋችሁ ሁለተኛው ነው።

ደረጃ 2፦ ቀዳዳዋን ፈልጉ

አሁን ሦስተኛውን ክፍል ክፈቱ። ከመጀመሪያው ክፍል የሴቶቹን ሥራ፣ ከሁለተኛው የሚቆጠረውን ጎን ለጎን አድርጉና አንድ ነገር ፈልጉ፦ በየቀኑ የሚሠራ፣ ግን ከመናቁ የተነሣ ይቆጠር ብሎ ማንም ያላሰበው ነገር። ቀዳዳዋ ከንቀት ትወለድ። «ካሜራው ተበላሸ»፣ «መብራት ጠፋ» የሚል ቀዳዳ የጸሐፊ ስንፍና ነው፤ አንባቢም ያውቅባችኋል።

ከእውነቱ ዓለም አንድ ምሳሌ። ቺሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ወታደሮች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ተወስደው የቀሩባቸው የሳንቲያጎ ሴቶች በጆንያ ጨርቅ ላይ የልብስ ቁራጭ እየጣፉ ሥዕል መሥራት ጀመሩ። ከሩቅ ሲታይ ፀሐይና ተራራ ያለበት የልጆች ሥዕል ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ወታደር አለ፣ የታሰረ ሰው አለ፣ «የት ናቸው?» የሚል ጽሑፍ አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመሥሪያ ቦታ ሰጠቻቸው፣ ሥራዎቹም ወደ ውጭ አገር እየወጡ ተሸጡ። የሴቶች መርፌ ሥራ ነውና መጀመሪያ ላይ ከቁም ነገር የቆጠረው ባለሥልጣን አልነበረም።

በእኔ ረቂቅ ቀዳዳዋ ማሟሻ ናት። ምጣድ ያሟሸ ሁሉ ያውቃታል፤ ምጣዱ ገና በደንብ ሳይግል የምትወጣ፣ ዓይኗን ያላወጣች፣ ግማሿ የተጣበቀ፣ ለገበታ የማትቀርብ የመጀመሪያ እንጀራ። የመሣሪያውን መመሪያ ያረቀቀው ሰው «ለምጣድ ማሟሻ የምትወጣው እንጀራ ምግብ ስላልሆነች አትቆጠርም» ብሎ ጽፏል። በዕድሜው ሙሉ መሶብ ቀርቦለት የበላ ሰው እንዲህ ይጽፋል። (ዓይን የበዛበት መንግሥት ዓይን የሌላት እንጀራ አመለጠችው የሚል ዓረፍተ ነገር ረቂቁ ውስጥ ነበር። ሰረዝሁት፤ ራሴን ደስ ለማሰኘት የጻፍሁት ነበር።)

ከተሳሳታችሁ፦ ቀዳዳዋን ለማስረዳት ከአራት ዓረፍተ ነገር በላይ ከወሰደባችሁ አትሠራም። ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን ሥሩ

አሁን ምንም ትዕይንት አትጻፉ። ወረቀትና እርሳስ ያዙና የሚደበቀው ነገር ስንት እንደሆነ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ በስንት ቀን እንደሚበላሽ ቁጠሩ። የእኔን እንዳለ ላሳያችሁ።

1. የተደበቀችው ሰናይት ትባላለች። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ተወስደው የቀሩ የ60 ሰዎችን ስም በቃሏ ይዛ ጠፋች።

2. በግቢው ሰባት ቤቶች አሉ። እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋግራል። በሳምንት 14 ማሟሻ፣ በቀን ሁለት። በቂ አይደለም፤ ግን አትሞትም።

3. ማሟሻዋ ከቤት የምትወጣው «ለእማማ ዘነቡ ዶሮዎች» እየተባለ ነው። ሰናይት ያለችው ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያማረ ይመስላል። አሁን ሒሳቡ ሲከሽፍ ተመልከቱ። ሰባቱም ቤቶች ረቡዕና ቅዳሜ የሚጋግሩ ከሆነ ማክሰኞ የምትበላዋ እንጀራ ሻግታለች። ስለዚህ የመጋገሪያ ቀናቸውን መከፋፈል አለባቸው። ግን መሣሪያው እንጀራውን ብቻ አይቆጥርም፤ ቀኑንም ይመዘግባል። ሰባት ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀን ሲቀይሩ መዝገብ የምታነበዋ ሴት፣ ያቺ ዓርብ የሚደክማት፣ ታያለች። ስለዚህ ቀስ በቀስ፣ በሁለት ወር ውስጥ፣ እያንዳንዷ በሰበብ መቀየር አለባት። አንዷ ታማለች፤ አንዷ ተዝካር አለባት፤ አንዷ «ሊጡ ኮመጠጠብኝ» ትላለች።

የታሪኩ ግማሽ እዚህ ሒሳብ ውስጥ ተጻፈ። ጀግንነት የሚል ቃል አላስፈለገኝም።

ከተሳሳታችሁ፦ ሒሳቡ ምንም ችግር ካላሳያችሁ በቂ ዝርዝር አልጠየቃችሁም ማለት ነው። እነዚህን ጨምሩ፦ ሽታው የት ይደርሳል? ቆሻሻው የት ይጣላል? ልጆች ሲያዩ ምን ይባላሉ? የታመመች ዕለትስ?

ደረጃ 4፦ ሴቶቹን ለዩ

ከአምስት በላይ ሴቶችን በስም አታስተዋውቁ። ለእያንዳንዷ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ ለምን ትሳተፋለች? መልሱ ለሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ከሆነ አንዷን ሰርዙ። ሁሉም «ለነፃነት» ከሆነ ሁሉንም ሰርዛችሁ እንደገና ጀምሩ።

እትዬ አልማዝ የምትሳተፈው ከሰናይት 60 ስሞች ውስጥ የልጇ ስም ስላለ ነው። ትርሲት ደግሞ እማማ ዘነቡ ስላዋለደቻት እምቢ ማለት አፍራ ነው። ሦስተኛዋ ማሟሻዋ የት እንደምትሄድ እንኳ አታውቅም፤ እውነትም ለዶሮ ይመስላታል። ይህቺኛዋን እንዳታጠፏት። የማታውቅ ሴት በየታሪኩ ታስፈልጋለች፤ ስትጠየቅ የምትናገረው እውነት ነውና ከሁሉም የምታስፈራው እሷ ናት።

ማን ማንን እንደምታውቅ በሥዕል ንደፉ። አንዷ ከሁለት ሌሎች በላይ አትወቅ።

ደረጃ 5፦ ምልልሱን ጻፉ

ይህ ለእኛ የቀለለ ይመስላል፤ ሰምና ወርቅ ያስተማረን ቋንቋ ነዋ። ለዚሁ ነው በብዛት የሚበላሸው። ወርቁን እናውቃለንና ሰሙን ቸል እንለዋለን።

እንዲህ አትጻፉ፦

«እማማ፣ ይህ ጨቋኝ ሥርዓት እስከ መቼ ነው?»
«በርቺ ልጄ፣ ይነጋል።»

ግድግዳ ጆሮ ባለው አገር ይህን የሚል ሰው የለም። እንዲህ ጻፉ፦

«እማማ፣ ለዶሮዎቹ ነው።»
«ተባረኪ ልጄ። ያቺ ቀይዋ ግን ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጉሮሮዋን ነው መሰለኝ።»
«በሞቀ ውኃ ማር ይሻላታል።»
«ለዶሮ?»
«... ለዶሮ።»

ትርሲት እዚህ ተሳስታለች። ማር የሚሰጣት ዶሮ የለችም፤ ሰሙ ቀለጠ። እማማ ዘነቡ ወዲያው ሰማችው፤ ሌላ ሰውም ሰምቶት ሊሆን ይችላል። አንባቢው መተንፈስ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

ማረጋገጫ፦ ምልልሱን ስለ ድብቁ ነገር ምንም ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ስለ ዶሮ ብቻ የሚወራ ከመሰለው ሰሙ ቆሟል። «ምን ሊሉ ፈልገው ነው?» ካለ እንደገና ጻፉት።

መጠሪያውን ጠብቁ። ሴቶቹ ሲፈሩም «እማማ»፣ «እትዬ»፣ «ልጄ» ይባባላሉ። በድንገት በስም መጠራራት ከጀመሩ አንድ ነገር እንደተሰበረ አንባቢ ይረዳል፤ ያንን ለአንድ ቦታ ብቻ አስቀምጡት።

በወረቀት ስለሚተላለፍ መልእክት፦ ወረቀት አታብዙ። ሩሲያዊቷ ገጣሚ አና አኽማቶቫ በስታሊን ዘመን ልጇ ታስሮባት የጻፈችውን ግጥም በብጣሽ ወረቀት ላይ ጭራ ለወዳጇ ታሳያለች፤ ወዳጇ በቃሏ ስትይዝ ወረቀቱ የሲጋራ መተርኮሻው ላይ ይቃጠላል። ግጥሙ ለዓመታት የኖረው በጥቂት ሰዎች ራስ ውስጥ ነበር። የእኔዋ ሰናይትም ስሞቹን ለሴቶቹ የምታስተምረው እንዲሁ ነው፤ ዶሮ ቤቱን ሊጠርጉ ሲመጡ፣ በአንድ ጊዜ አራት ስም።

ደረጃ 6፦ ጆሮ ጠቢውን አምጡ

ከዳተኛውን ከንፈሩ የቀጠነ፣ ዓይኑ የማያርፍ ክፉ ሰው አታድርጉት። ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን አስታውሱ።

ቦነስ አይረስ፣ አርጀንቲና። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1977 ልጆቻቸው የተሰወሩባቸው 14 እናቶች ፕላዛ ደ ማዮ አደባባይ ወጡ። ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነበርና ፖሊስ «ተንቀሳቀሱ» አላቸው፤ እነሱም ሁለት ሁለት እየሆኑ አደባባዩን መዞር ጀመሩ። (ትእዛዙን ፈጸሙ ማለት ነው። ለደረጃ 2 ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።) በዚያው ዓመት አንድ ወጣት «ወንድሜ ተሰውሮብኛል» እያለ ተቀላቀላቸው። ፊቱ የልጅ ነበር፤ እናቶቹ እንደ ልጅ አዩት። አልፍሬዶ አስቲስ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በታኅሣሥ ወር ከመሥራቾቹ አንዷን አሱሴና ቪያፍሎርን ጨምሮ 12 ሰዎች ተወሰዱ።

ሁለተኛው ምሥራቅ ጀርመን ነው። የደኅንነቱ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ1992 ለሕዝብ ሲከፈቱ ተቃዋሚዋ ቬራ ቮለንበርገር ስለ እሷ ሪፖርት ሲያቀርብ የነበረው የገዛ ባሏ መሆኑን አወቀች።

ከእነዚህ የሚወሰደው የሥራ መመሪያ ይህ ነው፦ ከዳተኛው በፍቅር በር ይግባ። ሴቶቹ እሱን ያመኑበት ምክንያት ከመልካምነታቸው የመጣ ይሁን። ምክንያቱን አንድ ገጽ አድርጋችሁ በእሱ አንደበት ጻፉ፤ ገጹ ወደ ታሪኩ አይገባም፣ ለእናንተ ነው። ያንን ገጽ ስትጽፉ ካላዘናችሁለት ሰውዬው ገና አሻንጉሊት ነው።

ከተሳሳታችሁ፦ ከዳተኛው ማን እንደሆነ አንባቢ ቀድሞ ካወቀ አትደብቁት። ግልጽ አድርጉት፤ ሴቶቹ ብቻ አይወቁ።

ደረጃ 7፦ ትዕይንቶቹን ደርድሩ

ይህ አጭር ነው፤ ከላይ ያለውን ከሠራችሁ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመጣል። በሥራ ጀምሩ፦ ምጣዱ ሲግል፣ ሊጡ ሲፈስ፣ የመጀመሪያዋ ስትወጣ። ማሟሻዋ ለሰው እንደሆነች እስከ አራተኛው ገጽ አትንገሩ። ፍተሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይኑር፤ ሦስት ፍተሻ ያለበት ረቂቅ አንዱንም አያስፈራም።

መንግሥቱን መጣል ካለባችሁ ከደጃፍ በሚታይ ነገር ጣሉት። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 1989 በምሥራቅ ጀርመኗ ኤርፉርት ከተማ የደኅንነቱን ሕንፃ ለመያዝ የተነሡት በአንድ የሴቶች ቡድን ቀስቃሽነት ነበር። ያስነሣቸው ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ነው፤ መዝገብ እየተቃጠለ መሆኑን ገባቸው። ጭስ አይተው ምን እየነደደ እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች።

ደረጃ 8፦ አስነብቡ፣ ቀዳዳውን ግን ወዲያው አትድፈኑ

ረቂቁን ሥራውን ለምታውቅ ሴት ስጡ። ለጸሐፊ ወዳጃችሁ አትስጡ፤ እሱ ስለ ቋንቋው ያወራላችኋል። የምትጠይቋት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ነገር የት ላይ ነው የማይሆነው?» መልሷን ሳትከራከሩ ጻፉ።

እኔ የሰጠሁት ለአክስቴ ነበር። መነጽሯን አውልቃ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «ዶሮዎቹስ?» አለችኝ።

«የትኞቹ ዶሮዎች?»

«በሳምንት አሥራ አራት እንጀራ የሚገባለት የዶሮ ቤት እንቁላሉ የት አለ? ልጅቷ ከበላችው እነሱ ምን በሉ?»

ለስድስት ወር ያሰላሁት ሒሳብ ውስጥ ዶሮዎቹን ረስቻቸው ነበር። የምጣዱን መሣሪያ መመሪያ እንዳረቀቀው ሰው ማለት ነው። የመጀመሪያው ሐሳቤ ጥሬ መጨመር ነበር፤ አንድ መስመር ጽፌ ቀዳዳውን ልደፍን። አታድርጉት። አንባቢ ያገኘችውን ቀዳዳ ለጠላት አውርሱት፣ ትዕይንት አድርጉት።

እንዲህ ሆነ። ፍተሻ ሲመጣ ወንዶቹ ጣሪያውንና ወለሉን ሲያንኳኩ መዝገብ ያዧ ወጣት ሴት ዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ቀይዋን ዶሮ ታነሣለች። አውራ ጣቷን ደረቷ ላይ ታሳልፋለች፤ አጥንት ነው። እማማ ዘነቡን ቀና ብላ ታያለች። ዶሮዋን ቀስ ብላ ታስቀምጣለች፤ መዝገቡ ላይ አንድ ነገር ትጽፋለች፤ ይሄዳሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት በግቢው በር ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለች ስምንተኛ ማሟሻ ተገኘች። ገና ትሞቃለች። ማን እንዳስቀመጣት ያየ የለም። እትዬ አልማዝ ለልጅቷ እንስጣት ትላለች፤ ትርሲት ወጥመድ ናት፣ ለውሻ ይጣልላት ትላለች፤ እማማ ዘነቡ በእጇ ይዛ ታገላብጣታለች። ረቂቁ ያለው እዚያ ላይ ነው።